ወንድሜ የባትሪን ታሪክ የጨረሰ ዕለት

አባቴ መሞቱን የሰማሁት በስልክ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ አትላንታ መሃል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንሶላ እያጠፍኩ ሳለሁ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ስልክ እንዳለኝ ነገረችኝ። ሥራ ቦታ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። ደዋይዋ ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ድምፄን እንደሰማች «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ፣ ምን ይደረጋል፣ እሳቸውስ ዐረፉ» አለች። «ማን ነው ያረፈው?» አልኳት። «አልነገሩሽም እንዴ?» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረችና ስልኩ ተዘጋ።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው ባሕር ማዶ ከሆነ ወሬው መጀመሪያ ለወዳጅ ዘመድ ይደርሳል፤ እነሱ ተመካክረው ቀን ይቆርጣሉ፤ ሲነጋጋ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ትልቁ ሰው አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ሌላው አብሮ ያለቅሳል። ለእኔም እንደዚያው ሊደረግ ታስቦ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን መርዶው የተነገረን መስሏት፣ ለቅሶ ለመድረስ ነው የደወለችው። ክፋት የለባትም፤ ቸኩላ ነው። እስከ ዛሬ ስታገኘኝ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል።

በእረፍት ሰዓት ከሳንቲም ስልኩ ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ የምንላቸው በአትላንታ ላለነው ጥቂት ሐበሾች ሁሉ ሽማግሌ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ። «ጋሼ፣ አባቴ ሞቷል?» አልኳቸው። «ማነው ይህን ያደረገው?» አሉ፤ የተናደዱት በሞቱ ሳይሆን ሞቱ በተነገረኝ መንገድ ነበር። እሳቸውና ሌሎቹ ካወቁ ሰንብተዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሚኝ ልጄ፣ ወንድምሽ እንዳይሰማ። ትምህርት ቤት የሚያቀርበው ነገር አለበት አይደል? እሱን ይጨርስ። የጨረሰ ዕለት ንገሪኝ፣ በማግስቱ መጥተን መርዶውን እንነግረዋለን። አንቺ እንደሆንሽ ጎበዝ ነሽ» አሉኝ።

ጎበዝ ነሽ የተባለ ሰው አያለቅስም። ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። የጥርስ ሐኪም አደንዝዞት የወጣ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ የነካ ይመስለዋል፤ እንደዚያ ነበርኩ። ፈረቃዬን ጨረስኩ፣ አውቶቡስ ጠበቅኩ፣ በመንገድ ላይ ሽንኩርት መግዛት እንዳለብኝ አስታወስኩና ገዛሁ።

ወንድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳል። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበረ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ሱዳን አብረን ቆይተን አብረን ነው የመጣነው። ያን ጊዜ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ኤሌክትሮኒክስ ይማር ነበር። መምህራቸው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ መርጦ ታሪኩን ክፍል ፊት ቆሞ እንዲናገር ያዛል፤ ለወንድሜ የደረሰው ባትሪ ነው። ይህን ካላለፈ ኮርሱን ይደግማል። እንግሊዝኛው ገና ስለነበረ ራት ከበላን በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እያደባለቀ ለእኔ ይለማመዳል። «አንቺ ክላሱ ነሽ፣ ጥያቄ ጠይቂ» ይለኛል። እኔም የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀምጬ ክላስ እሆናለሁ።

እንግዲህ ሁኔታው ይህ ነው። እሱ ሲጨርስ ሰዎቹ ይመጣሉ። ሰዎቹ ሲመጡ ማልቀስ ይፈቀድልኛል። የባትሪ ታሪክ እስኪያልቅ ድረስ አባቴ ለእኔ ብቻ ነው የሞተው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንቁራሪት ነው። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም የሞተች እንቁራሪት እግር በናስ ማንጠልጠያ ሰክቶ የብረት አጥር ላይ ሲሰቅለው እግሩ ዘለለ። ሰውየው ኤሌክትሪክ ከእንስሳው ሥጋ ውስጥ ይመነጫል አለ። ሌላ ጣሊያናዊ፣ እሱ የፊዚክስ መምህር ነው፣ አይደለም፣ ነገሩ ያለው በሁለቱ ብረቶች ውስጥ ነው፣ እንቁራሪቷ የሚያልፍባትን ብቻ ነው የምታሳየው አለ። ወንድሜ ይህን ሲናገር እጁን የእንቁራሪት እግር አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያዘልላል። «ጥያቄ አለሽ?» አለኝ። እንቁራሪቷ ምን ተሰማት ብዬ ጠየቅኩት። «ሞታለች እኮ» አለኝ። ሞታ ሳለች ማለቴ ነው አልኩት፤ ሳቀ።

ሁለተኛው ጣሊያናዊ የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው የዚንክና የብር ዝርግ እያፈራረቀ በመከመር ነው፣ በመሃላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ እያደረገ። ወንድሜ ይህን በፔኒ፣ በአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ ሠራው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የወጣው ፔኒ ላዩ ብቻ ነው መዳብ፤ ውስጡ ዚንክ ነው። አንድ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ሰነበተ፤ ጠረጴዛዬ ሁሉ የመዳብ ብናኝ ሆነ። ከዚያ ኮምጣጤ የነካ ወረቀት በመሃል እያደረገ ከመራቸው፣ ሽቦ ከላይና ከታች አስነካና አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አበራ። «አሁን መብራቱን ላንሳና ሽቦዎቹን ምላስሽ ላይ አድርጊ፣ ሰውየውም እንዲህ ነው የሞከረው» አለኝ። አደረግኩ። ጎመዘዘኝ፣ ምላሴን ነዘረኝ። ከዚያ ስልክ ወዲህ ምንም ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበርና ደግሜ ሞከርኩት። ወንድሜ የወደድኩት መስሎት ደስ አለው።

ቀኑ ደረሰ ስል ተላለፈ። «ፕሬዘንቴሽኑ ፖስትፖን ሆነ» አለኝ አንድ ቀን፤ መምህሩ ታሟል አለ። ቀጥሎ ደግሞ ራሱ ኤክስቴንሽን፣ ማለት ተጨማሪ ጊዜ፣ ጠየቀ፤ ሌሎች ሰዎች ጨምሬ ካልሆነ ታሪኩ ይጎድላል አለ። የጣሊያኑን ክምር ሣጥን ውስጥ ያጋደመውን እንግሊዛዊ ጨመረ። ጭሱ ሰው የሚያፍን ባትሪ የሠራ ሌላ እንግሊዛዊ ጨመረ። ሦስተኛውን እንግሊዛዊ ግን እኔም ወደድኩት። የድሮው ባትሪ ችግር መዳቡ ላይ ትናንሽ የጋዝ አረፋ እየተለጠፈ ኮረንቲው መጥፋቱ ነው። ሰውየው ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተጠቅሞ አረፋውን አስቀረው፤ ሁለቱ ፈሳሾች እንዳይቀላቀሉ መጀመሪያ በመሃላቸው ያደረገው የበሬ ጉሮሮ ነው፣ በኋላ ነው ሸክላ ያደረገው። «በሬ አርዶ ነው ባትሪ የሚሠራው?» አልኩት። «እንግሊዝ ሥጋ ይወዳል» አለኝ። ስቄ ሳላበቃ አባቴ መሞቱ ትዝ አለኝ፤ ሳቄን ግን አላቋረጥኩም፣ ቢያየኝስ።

ጋሼ በየእሑዱ ይደውላሉ። ወንድሜ ስልኩን ካነሳ ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ ጠይቀው «እስቲ እህትህን» ይላሉ።

«ጨረሰ?» ይሉኛል።

«አልጨረሰም ጋሼ። ገና እንግሊዝ አገር ነው።»

«አሁንም እንግሊዝ?»

«ፈረንሳይ ሲገባ እደውላለሁ።»

«እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ይበርታ» ብለው ይዘጋሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሊልበርን ላይ ቤት የገዙ አንድ ባልና ሚስት ለመርዶው ቀን የሚሆን ድስትና ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የጋሼ ባለቤት እትዬንና ሌሎቹን ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው፣ ማለት የምንከራየው የፈረንጆች አዳራሽ፣ ወንድሜ ዞር ሲል እጄን ጨመቅ አድርገው «አይዞሽ» ይሉኛል። እሱ ሲመለስ ስለ አየሩ ያወራሉ። ጥቁር መልበስ አልችልም። ሬዲዮ ለመክፈት ደግሞ እጄ እምቢ ይላል፤ ራሴን ያመኛል እያልኩ ቤቱን ጸጥ አደረግኩት። ሳይጠይቅ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ እሱ ላይብረሪ ሲሄድ ለማልቀስ ቀጠሮ ያዝኩ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ውሃውን ከፈትኩ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴን ለማሰብ ሞከርኩ። ደሴ ስልክ ቤት የባትሪ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ከተማው መብራት ሲጠፋበት ስልኩ እንዳይቋረጥ የሚይዙት ባትሪዎች ናቸው፤ እሱ ውሃ ይጨምርላቸዋል፣ ይለካቸዋል፣ ጫፋቸውን ያጸዳል። አሲዱ ስለሚረጨው ሱሪው ሁሌም ከጉልበቱ በላይ ወንፊት ነው፤ ለበዓል የገዛውን ሱሪ ሳይቀር ያንኑ ሳምንት ይበሳዋል። ሱሪውን አየሁት፣ ቀዳዳዎቹን አየኋቸው። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ለቆጣሪው አዘንኩና ዘጋሁት።

በየወሩ ለአባታችን በካሴት ድምፃችንን ቀድተን እንልክ ነበር። መጀመሪያ ወንድሜ ነው የሚናገረው፣ ከዚያ እኔ። የዚያን ወር ካሴት እንዴት እንደማመልጥ ሳስብ ሰነበትኩ፤ ቴፑ ተበላሽቷል ልበል፣ የሚወስድልን መንገደኛ ጠፋ ልበል እያልኩ። ወሩ አለቀ፣ ወንድሜ ስለ ካሴት አላነሳም። ተመስገን አልኩ። እንዴት እንዳልጠረጠርኩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ የደነዘዘ ሰው ነገር አይመራመርም።

ትዕግሥቴ ያለቀው አራተኛ እንግሊዛዊ ሊጨምር ሲል ነው። «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው የሚያስፈልገው?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ካልገባ ኮምፕሊት አይሆንም።»

«ፈረንሳዩን ለምን አታመጣውም? ከሁለት ሳምንት በፊት ፈረንሳዩ ነው የሚቀጥለው ብለኸኝ ነበር።»

«እሱ ሃርድ ነው።»

«ምኑ ነው የሚከብደው? ሁለት የእርሳስ ብረት፣ አንድ አሲድ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት አይደለም?»

አባባ የሚለው ቃል እዚያ ቤት ከተነሳ ቆይቶ ነበር። ወንድሜ ተነስቶ ምድጃው ላይ ውሃ ጣደ፤ ሻይ የምንጠጣበት ሰዓት አልነበረም። «ኦኬ፣ የሚቀጥለው ዓርብ እጨርሳለሁ» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ዓርብ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ክራቫት አድርጎ ነበር። እንቁራሪቷንም ክምሩንም ተናገረ፤ ስለ በሬው ጉሮሮ ሲናገር ተማሪዎቹ ሳቁ። እንግሊዝኛው ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ከዚያ ፈረንሳይ ገባ። ሁለት ስስ የእርሳስ ብረት ዝርግ በመሃሉ ጨርቅ አድርጎ ጠቅልሎ አሲድ ውስጥ የከተተ ሰው ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ባትሪዎች አንዴ ካለቁ አለቁ፣ የእሱ ግን ሲያልቅ መልሶ ይሞላል። መኪናችሁ ውስጥ ያለው የእሱ ነው አላቸው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረ። አባቴ እንዲህ ዓይነት ባትሪዎች ጠባቂ ነበር፣ ሱሪው ሁሉ ቀዳዳ ነበር አለ። ተማሪዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። መምህሩም ፈገግ ብሎ «አሁንም እዚያው ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው።

ወንድሜ ወደ ኋላ አየኝ። ከመምህሩ ይልቅ ለእኔ የሚመልስ ይመስል እያየኝ «ኖ ሰር» አለ። ከዚያ ባትሪው እንዳይፈስ ጄሶ የጨመረውን ጀርመናዊ በጥቂት ቃል ተናግሮ አበቃ። አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ።

የወንድሜ አሮጌ መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገባ፣ ግን አላስነሳም። ፊት ለፊታችን ተማሪዎች መኪና እየያዙ ይወጣሉ።

«መቼ ሰማህ?» አልኩት።

«ማንም አልነገረኝም። ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ በአንዴ ይወደኝ ጀመር። ወንበር ልሸከም ስል ይቀሙኛል። እትዬ እንኳ፣ ዩ ኖው፣ ስታየኝ የምትቆጣኝ ሴትዮ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። አንቺ ደግሞ ሬዲዮ ተውሽ።» ቁልፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «አባባ ነው ብዬ ገመትኩ። ሌላ ማን አለን?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ከጠየቅኩሽ ትነግሪኛለሽ። ፕሬዘንቴሽኑን ከጨረስኩ ደግሞ እነ ጋሼ ይመጣሉ። እነሱ እስካልመጡ ድረስ እኮ…» አልጨረሰውም።

ያን ሁሉ እንግሊዛዊ የጨመረው ለዚህ ነው። ልቆጣው ይገባኝ ነበር መሰለኝ፤ እሱ አንድ ሰው በጨመረ ቁጥር እኔ ላይ አንድ ሳምንት ይጨመራል። ግን ቁጣም አልመጣልኝም። እኔ ማልቀስ እንዲፈቀድልኝ መጨረሻውን ስጠብቅ እሱ መጨረሻው እንዳይመጣ ሲሸሽ፣ አንድ ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ከርመናል። እጁን ያዝኩት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ የእኔም እንደዚያው።

«ማወቃችንን እንንገራቸው?» አልኩት።

«አንናገር። ይምጡና ይናገሩ» አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ መጡ። አትላንታ ውስጥ መርዶ መንገር የራሱ ጣጣ አለው። ከዚያ ቀደም አንድ ቤት ሰው ሲጮኽ ሰምተው ጎረቤቶች ፖሊስ ጠርተዋል፤ ፖሊሶቹ ማን ማንን እንደደበደበ ሲጠይቁ ሐዘንተኛውን አስቁመውታል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቀድመው ለጎረቤት ያስነግራሉ። ስለዚህ ከታች የምትኖረው አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ከወንድሜ በፊት በወጉ የተነገራት እሷ ናት። ለሰዎቹ የት ፓርክ እንደሚያደርጉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ በሩንም የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ጋሼ የመኪና ማቆሚያውን ዩኒፎርም ትተው ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ደርበዋል። ባለቤታቸው እትዬ፣ ሊልበርን ያሉት ባልና ሚስት፣ ሌሎችም ተከትለው ገቡና ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። ወንድሜን ሶፋው ላይ በሁለት ሰው መሃል አስቀመጡት። እሱም እንግዳ ነገር ያየ ሰው ይመስል ዙሪያውን አየ፤ ጥሩ አስመሰለ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፤ «አባትህ ወልደው ያሳደጉ፣ ሠርተው ያደሩ፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ታመው ሰነበቱ። ጎረቤትና ዘመድ አስታመማቸው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና ዐረፉ።»

ወንድሜ ማስመሰሉ እዚህ ድረስ ነበር። «አባባ» አለና ጋሼ ደረት ላይ ወደቀ። ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሴቶቹ ተከተሉት፤ አንዷ ስሙን እየጠራች አባቱን ታነሳሳ ጀመር። እኔ የኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ ለወንድሜ ያዘጋጀሁት ብርጭቆ ውሃ አለ። ማንም አላየኝም፤ ከመርዶ አርጂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እያየሁ ቡና የሚበቃን መሆኑን አስብ ነበር። ይህንን ስናገር አላፍርም፤ የነበረው እሱ ነው።

እትዬ መሃል ላይ ለቅሶዋን አቆመች። ወደ እኔ አየች። የጋሼን ነጠላ ሳብ አድርጋ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሼ ወንድሜን ቀስ ብለው ለጎኑ ሰው አስረከቡና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። አጠገቤ መጥተው ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱና ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት።

«ለአንቺ እኮ ማንም አልነገረሽም» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«መስማት ሌላ ነው። ነይ ተቀመጪ።»

የኩሽናውን ወንበር አምጥተው መሃል ቤት አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ መጡ። ጋሼ ፊቴ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። «ልጄ፣ አባትሽ ወልደው ያሳደጉ፣ ሠርተው ያደሩ፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ታመው ሰነበቱ። ጎረቤትና ዘመድ አስታመማቸው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና ዐረፉ።»

ቀኑን አውቅ ነበር። የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አውቅ ነበር። «መቼ?» አልኳቸው። ነገሩኝ። በግራዬ ያለችው ሴት እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ የራሴ ነበር።